የመሬቱ ዕዳና የርዳታው በቆሎ

የሰውን ርስት የወሰደ ሰው፣ ርስቱን ሳይመልስ ዋጋውንም ሳይከፍል፣ ለባለርስቱ ልጆች በክፉ ቀን አንድ ቁና እህል ቢሰፍርላቸው እህሉ ከዕዳው አይቈጠርለትም። ነገሩ በሁለት ጐረቤታሞች መካከል ሲሆን የመንደር ሽማግሌ በአንድ ቀን ሸንጎ ይጨርሰዋል። በመንግሥታት መካከል ሲሆን ግን ዕዳው በአንድ መዝገብ፣ እህሉ በሌላ መዝገብ ይጻፋል፤ ባለዕዳውም መንግሥት ዘመን ሲረዝም የዕዳውን መዝገብ ዘግቶ የእህሉን መዝገብ ብቻ ለዓለም እየገለጠ ያሳያል። በዚምባብዌ የሆነው ይኸው ነው።

በፈረንጆች አቈጣጠር ከ2000 ዓመት ጀምሮ (ከዚህ በታች የኢትዮጵያ ነው ካልተባለ በቀር ዘመኑ ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው) በዚያች አገር የነጮቹ ሰፋፊ እርሻዎች በኃይል ተነጠቁ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ዝናሙ በሰብሉ ላይ ተቋረጠ። በ2002 የዓለም የምግብ ፕሮግራም በስድስት አገሮች፣ ማለት በዚምባብዌ፣ በማላዊ፣ በዛምቢያ፣ በሞዛምቢክ፣ በሌሶቶና በስዋዚላንድ፣ ወደ 14 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ የርዳታ እህል እንደሚያሻው አስታወቀ፤ ከዚህም ግማሽ የሚያህለው የዚምባብዌ ሰው ነበረ።

ራቡ በተሰማ ጊዜ ሁለት ነገር ተነገረ። የሎንዶኑ፣ ራቡን ያመጣው የመሬቱ ነጠቃ ነው የሚል ነው። የሐራሬው ደግሞ ራቡን ያመጣው ሰማይ ነው፣ ያጸናውም የምዕራባውያን ማዕቀብ ነው የሚል ነው። ሁለቱንም መመርመር ይገባል። በማላዊ እንዲህ ያለ የመሬት ነጠቃ አልተደረገም፤ ሆኖም በ2002 መጀመሪያ ሰው በራብ ሞቷል፤ የመንግሥቱም የክፉ ቀን ጐተራ አስቀድሞ ተሽጦ ባዶ ሆኖ ተገኝቷል። በዚምባብዌም ቢሆን ከነጠቃው በፊት ከአገሩ በቆሎ የሚበልጠውን እጅ ያመርቱ የነበሩት ነጮቹ አይደሉም፤ ዝናም ጠብቀው በጠበበና በደከመ መሬት ላይ የሚያርሱት ትንንሾቹ ጥቍሮች ገበሬዎች ናቸው። እንግዲህ ሰማዩ አልበደለም ማለት አይቻልም። ዳሩ ግን በመስኖ የሚለማው የነጮቹ እርሻ ዝናም በቀረ ጊዜ ለአገሩ መጠባበቂያ ነበረ፤ ስንዴውም በብዛት የሚመጣው ከዚያ ነበረ። የሐራሬ መንግሥት ግን በጁን ወር 2002፣ ራቡ በታወጀበት ወራት፣ ወደ 2,900 የሚሆኑ ገበሬዎች ማረሳቸውን እንዲያቆሙ፣ በ45 ቀን ውስጥም እርሻቸውን ትተው እንዲወጡ አዘዘ። ሕዝቡ እህል አጥቶ ሳለ የሚያርሰውን ሰው እንዳያርስ በሕግ የከለከለ መንግሥት ሰማይን ሊከስ እንዴት ይቻለዋል?

የሎንዶኑ መልስ ግን ከዚህ የረዘመ ምርመራ ይፈልጋል፤ የነገሩን መጀመሪያ ከ2000 ላይ ስለሚያደርገው ነው። ነገሩ የጀመረው በ2000 አይደለም።

በ1888 የሴሲል ሮድስ መልእክተኞች ከንዴቤሌ ንጉሥ ከሎቤንጉላ ዘንድ ማዕድን የመቈፈር ውል ተቀበሉ። ውሉ ስለ ማዕድን እንጂ ስለ መሬት የሚናገር አልነበረም፤ ንጉሡም እንደ ተታለሉ በተረዱ ጊዜ ውሉን እንደማይቀበሉት ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው አስታወቁ። ይሁን እንጂ በ1889 የሮድስ ኩባንያ ከንግሥቲቱ መንግሥት የሥልጣን ደብዳቤ አገኘ፤ በ1890 ዛሬ ሐራሬ በምትባለው ስፍራ ሰንደቁን ተከለ። በ1893 በሎቤንጉላ ላይ ሊዘምት በተነሣ ጊዜ ደግሞ ለያንዳንዱ ፈቃደኛ ዘማች 6,000 ኤከር፣ በሐበሻ ልክ 60 ጋሻ የሚያህል መሬት ሊሰጠው ተዋዋለ። ጥይት ሳይተኰስ የሰው አገር በጋሻ ተለክቶ ተከፋፍሎ ነበር ማለት ነው።

እስከዚህ ያለው የነጋዴ ኩባንያ ሥራ ነው፤ መንግሥት ምን አለበት? የሚል ይኖር ይሆናል። ለዚህ የሚመልሱት የእንግሊዝ የራሷ ዳኞች ናቸው። በ1918 በሎንዶን የንጉሡ አማካሪዎች የፍርድ ጉባኤ፣ በዚያ አገር ለማንም ያልተሰጠው መሬት የማን ነው? ተብሎ ተጠይቆ፣ የአገሬው ሰዎች አይደለም፣ የኩባንያውም አይደለም፣ የእንግሊዝ ዘውድ ነው ብሎ ፈረደ። በ1923 የኩባንያው አገዛዝ ባለቀ ጊዜም የእንግሊዝ መንግሥት ስለ መሬቱና ስለ አስተዳደሩ ወጪ ይገባኛል ላለው ኩባንያ 3 ሚሊዮን 750 ሺህ ፓውንድ ከፈለ። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ ሎንዶን ስለዚያ መሬት ካሣ መክፈልን አታውቅም አይባልም፤ ከፍላለች፤ የከፈለችው ግን ለነጣቂው ነው።

በዚያው ዓመት ሰፋሪዎቹ ነጮች ራሳቸውን የሚያስተዳድሩበት መንግሥት ተሰጣቸው። በአገሬው ሕዝብ ላይ አድልዎ የሚያደርግ ሕግ የወጣ እንደ ሆነ የመከልከል ሥልጣን ግን በሎንዶን እጅ ቀረ። በ1930 የመሬት ማከፋፈያው ሕግ ወጣ። ከ96 ሚሊዮን ኤከር ውስጥ 49 ሚሊዮን ያህሉ 50 ሺህ ገደማ ለሚሆኑት ነጮች ተመደበ፤ ከአንድ ሚሊዮን ለሚበልጠው ጥቍር ሕዝብ የተከለለው ክልል 21 ሚሊዮን ኤከር ያህል ነበረ። ይህ አድልዎ ካልተባለ አድልዎ የሚባል ሕግ በዓለም ላይ አይገኝም። ሎንዶን የመከልከል ሥልጣን ነበራት፤ አልከለከለችም።

በ1965 ያን ስሚዝ በገዛ ሥልጣናቸው ነጻነት ካወጁ በኋላ የበረታው ጦርነት እንግዲህ የመሬት ጦርነት ነበረ። በ1979 በሎንዶን በላንካስተር ቤት የተደረገውም ድርድር በመሬት ምክንያት ሊፈርስ ቀርቦ ነበር። የአርበኞቹ መሪዎች በጦር የተወሰደባቸውን መሬት በገንዘብ ግዙ መባሉን አንቀበልም አሉ። በዚህ ጊዜ የእንግሊዝ የውጭ ጕዳይ ሚኒስትር ሎርድ ካሪንግተን መንግሥታቸው እንደሚረዳ፣ ወጪው ግን ከአንድ ለጋሽ አቅም በላይ እንደሚሆን ተናገሩ፤ አሜሪካም እንደምትረዳ ቃል ሰጠች። በዚህ ቃል ተማምነው መሪዎቹ ተመለሱ፤ በዲሴምበር 21 ቀን 1979 ውሉ ተፈረመ። ለዐሥር ዓመት የማንም መሬት ያለ ሙሉ ካሣ እንዳይወሰድ የሚለው በሕገ መንግሥቱ በቀለም ተጻፈ። ለካሣው የሚሰጠው የውጭ ገንዘብ ስንት እንደ ሆነ፣ በምን ዘመን እንደሚሰጥ ግን አልተጻፈም። የድኻው ወገን ግዴታ በወረቀት ላይ፣ የባለጸጋው ግዴታ በአየር ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ እንግሊዝ ለመሬት መግዣና ማስፈሪያ 44 ሚሊዮን ፓውንድ መስጠቷ አይካድም። ይህን ከተፈላጊው ጋራ ማስተያየት ግን ይገባል። ዚምባብዌ ነጻ ከወጣች በኋላ 162,000 ቤተ ሰብ ልታሰፍር አስባ ነበር፤ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ የሰፈረው 70,000 ገደማ ነው። ነገሩ እንዲህ በግማሽ ቀርቶ ሳለ በኖቬምበር 5 ቀን 1997 የአዲሱ የሌበር ፓርቲ መንግሥት የውጭ ርዳታ ሚኒስትር ክሌር ሾርት ለዚምባብዌ የእርሻ ሚኒስትር ለኩምቢራይ ካንጋይ ደብዳቤ ጻፉ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር፣ እንግሊዝ በዚምባብዌ የመሬት መግዣ ወጪ ልዩ ኃላፊነት አለባት የሚለውን እንደማይቀበሉ፣ መንግሥታቸው አዲስ ስለ ሆነ ከቀድሞ የቅኝ ገዥዎች ጥቅም ጋራ ግንኙነት እንደሌለው፣ እሳቸውም በትውልዳቸው አይሪሽ ስለ ሆኑ ከተገዙት ወገን እንጂ ከገዥዎቹ እንዳልሆኑ የሚገልጥ ነው።

ሚኒስትር ስለ ወንበሩ እንጂ ስለ ዘሩ አይጽፍም። ዕዳው የሴትዮዋ አባቶች ዕዳ ነው ያለ ሰው አልነበረም፤ የተባለው ወይዘሮዋ የሚያገለግሉት ዘውድና ግምጃ ቤት ዕዳ ነው። ሹም ሲለወጥ የመንግሥት ዕዳ የሚሠረዝ ቢሆን ኖሮ ለመንግሥት አንድ ፓውንድ የሚያበድር ሞኝ ባልተገኘ ነበር። ያው የእንግሊዝ ግምጃ ቤት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተበደረውን ገንዘብ ወለድ በ1997ም ይከፍል ነበር፤ የዚያን ብድር የመጨረሻ ሰነድ ከፍሎ የጨረሰው በ2015 ነው። ለነዚያ የብድር ሰነድ ለያዙት ሰዎች፣ መንግሥታችን አዲስ ነው፣ ከዚያ ጦርነት ጋራ ግንኙነት የለንም ብሎ የጻፈላቸው ሚኒስትር የለም። በ1918 መሬቱ የዘውዱ ነው ተብሎ ሲፈረድ ዘውዱ ዝምድናውን አልካደም። ሀብት ሲሆን የሚወርሱት፣ ዕዳ ሲሆን የሚክዱት አባት እንዴት ያለ አባት ነው?

ይህ ሲባል ግን ደብዳቤው ለሐራሬ ሰበብ ሰጠ እንጂ መብት አልሰጠም። የሙጋቤ መንግሥት ሃያ ዓመት ሙሉ በሥልጣን ላይ ነበረ። በ1994 ለድኾች ተብለው የተገዙ እርሻዎች ለሹማምንት ተከራይተው መገኘታቸውን የአገሩ ጋዜጦች አወጡት። በፌብሩዋሪ ወር 2000 መንግሥቱ ያቀረበውን አዲስ ሕገ መንግሥት ሕዝቡ በድምፅ እንቢ አለው፤ የእርሻዎቹም ወረራ የተጀመረው ከዚህ እንቢታ በኋላ ቀናት ሳይቈጠሩ ነው። ጊዜው ራሱ ይመሰክራል፤ ጥድፊያው ስለ መሬት ብቻ ሳይሆን ስለ ዙፋን ነበረ። ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ድኾች ቤተ ሰቦች ቍራሽ መሬት ማግኘታቸው እውነት ነው፤ ሊታበልም አይገባም። ከነሱ ይልቅ የሰፋውንና የለማውን እርሻ ግን ሹማምንትና የጦር አዛዦች፣ አንዳንዱም ሁለትና ሦስት እየደረበ ያዙት።

በዚህ ጠብ ውስጥ ሁለቱም ወገን ራሱን ናቡቴ፣ ባላጋራውን አክዓብ ያደርጋል። ነጩ ገበሬ ከነጻነት በኋላ በሕጋዊ ውል፣ መንግሥት እያወቀ የገዛሁት ነው ይል ነበር፤ ብዙዎቹም እውነታቸውን ነው። ጥቍሩ አርበኛ የአያቴ መቃብር ያለበት ነው ይል ነበር፤ እሱም እውነቱን ነው። ሁለት እውነተኞች በአንድ ርስት ላይ ሲከራከሩ አንዱን ሳይበድል ሌላውን የሚክስ መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ዋጋ መክፈል ነው። ከፋዩም መጀመሪያ ያጣላቸው ወገን ሊሆን በተገባ ነበር። ሎንዶን የሸሸችው ከዚህ ነው፤ ከሸሸችም በኋላ በመካከል ቆማ ስለ ሕግ የበላይነት ታስተምር ጀመር።

ከዚህ በኋላ የሆነው የውጭ መንግሥታት መልስ በአጭሩ ይነገራል። በሴፕቴምበር ወር 2001 በናይጄርያ በአቡጃ ስምምነት ተደረገ፤ ሐራሬ ወረራውን ልታቆም፣ እንግሊዝ 36 ሚሊዮን ፓውንድ ልትሰጥ። ወረራው አልቆመም፤ ገንዘቡም አልመጣም። በዲሴምበር 21 ቀን 2001 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ፣ ዚምባብዌ ከዓለም አበዳሪዎች ብድር እንዳታገኝ የአሜሪካ ተወካዮች እንዲቃወሙ የሚያዝዘውን ሕግ ፈረሙ። ዕለቱ የላንካስተር ቤት ውል የተፈረመበት ሃያ ሁለተኛ ዓመት ነበረ፤ ቀኑን ያስተዋለ ሹም ስለ መኖሩ ግን የተሰማ ነገር የለም። በፌብሩዋሪ 18 ቀን 2002 የአውሮፓ ኅብረት ሙጋቤንና 19 ባልደረቦቻቸውን ወደ አውሮፓ እንዳይገቡ ከለከለ፤ በአውሮፓ ያላቸውንም ገንዘብ አገደ። በማርች ወር የኮመንዌልዝ ማኅበር ዚምባብዌን ከጉባኤው አገዳት።

ይህ ቅጣት ምን ያህል እንደ ቀጣ ከነገሩ አፈጻጸም ይታያል። አራት ወር ሳይሞላ በጁን 2002 ሙጋቤ ሮማ ገብተው በዓለም የምግብ ጉባኤ ላይ ተቀመጡ፤ ጉባኤው የተባበሩት መንግሥታት ስለ ሆነ እገዳው አይደርስበትም ተባለ። በአገራቸው እህል ጠፍቶ ሳለ ስለ ራብ ሊመክሩ የሄዱበት መንገድ ይህ ነው። በፌብሩዋሪ 2003 ደግሞ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ ለፈረንሳይና ለአፍሪካ ጉባኤ ወደ ፓሪስ ጠርተው ተቀበሏቸው፤ እገዳው እንዲታደስ ፈረንሳይ የፈቀደችው ለዚህ ጥሪ በሩ ከተከፈተላት በኋላ ነው። በሐራሬ ግን ማዕቀቡ ከዚህ ይልቅ ታላቅ ጥቅም ሰጠ። ከዚያ ወዲያ ዳቦ በታጣ ቍጥር፣ መድኃኒት ባለቀ ቍጥር ምክንያቱ ማዕቀብ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ግን የዓለም ባንክና የገንዘቡ ድርጅት ለዚምባብዌ ማበደራቸውን ያቆሙት የአሜሪካ ሕግ ሳይወጣ፣ የቀድሞው ብድር ስላልተከፈላቸው ነው።

የርዳታው እህል ደግሞ መጣ። ከለጋሾች ሁሉ የበለጠውን የሰጠች አሜሪካ ነበረች፤ እንግሊዝና አውሮፓም ሰጥተዋል፤ በዚህም እህል ብዙ ነፍስ ድኗል። ይህን የሚያቃልል ሰው ራብ ምን እንደ ሆነ ያላየ ነው። ነገር ግን እህሉ ወደቡን ካለፈ በኋላ የሚሆነውን ለጋሾቹ ያውቁ ነበር። በአገሩ ውስጥ በቆሎ የመግዛትና የመሸጥ ሥልጣን ሁሉ የመንግሥቱ የእህል ገበያ ቦርድ ነበረ፤ ከዚህ ቦርድ እህል ለመግዛት በብዙ ስፍራ የገዥው ፓርቲ መታወቂያ ወረቀት ይጠየቅ እንደ ነበር፣ የተቃዋሚው ወገን ሰዎችም ከሰልፍ ይመለሱ እንደ ነበር የሰብአዊ መብት መርማሪዎች መስክረዋል። የራበውን ሰው ፓርቲህ ምንድር ነው? ብሎ የሚጠይቅ መስፈሪያ ከድርቅ ይልቅ የከፋ ነው። ለዚህ ጥፋት ሰማይም ሎንዶንም አይከሰሱም፤ ኃላፊነቱ የሐራሬ ብቻ ነው።

የአሜሪካው በቆሎ ሌላም ክርክር አመጣ፤ የዘር ጠባዩ በሊቃውንት ብልሃት የተለወጠ በቆሎ ነበረበትና። ገበሬው ከሚበላው ጥቂቱን ቢዘራ ዘሩ ከአገሩ በቆሎ ጋራ ይደባለቃል፤ አውሮፓም እንዲህ ያለውን እህል ስለምትጠላ ንግዱ ይበላሻል ተብሎ ተፈራ። ዛምቢያ በ2002 ፈጽማ እንቢ አለች። ዚምባብዌና ሌሎች ተፈጭቶ ከመጣ እንቀበላለን አሉ። የአሜሪካ ሹማምንት እኛም የምንበላው ነው ብለው ተቈጡ። ጥያቄው ግን ይበላል አይበላም አልነበረም፤ ይዘራል አይዘራም ነበር። በራብ ጊዜ እህል ይፈጭ ማለት ብዙ መለመን አይደለም፤ ወፍጮውም ከጠቡ ይልቅ በረከሰ ነበር።

የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ሁሉ ሲሰማ እንግዳ ነገር የሰማ አይመስለውም። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ራቡ በጸና ጊዜ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን የተራበ ሕፃን ፖለቲካ አያውቅም ብለው የርዳታ እህል አዘዙ። መልካም ቃል ነበረ። ነገር ግን በዚያው ጊዜ፣ ካሣ ሳይከፈል የተወረሰ የአሜሪካኖች ንብረት ያለበት መንግሥት የልማት ርዳታ እንዳያገኝ የሚከለክል የአሜሪካ ሕግ በደርግ ላይ ይሠራ ነበር፤ ለዚህም ምክንያት የሆነው የተወረሰ የቅመማ ቅመም ፋብሪካ ነው። ስለዚህ የሚበላ እህል ይገባ ነበር፤ የሚከርመውን ዓመት ራብ የሚከላከል ሥራ፣ ማለት የውሃው ጕድጓድና የእርሻው መሣሪያ፣ ከዚያ መንግሥት አልመጣም። ዋሽንግተን ስለ አንድ ፋብሪካ ካሣ ይህን ያህል የጸና ሕግ ነበራት። ስለ 49 ሚሊዮን ኤከር ካሣ የተጻፈ እንዲህ ያለ ሕግ በየትኛው ዋና ከተማ ይገኛል? የዚያ የደርግ መሪ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም፣ የገጠሩን መሬት በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1967 በዐዋጅ የወረሰው መንግሥት ሰው፣ በዚሁ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1983 ከአገር ሸሽተው የተጠጉት ወደ ሐራሬ መሆኑም የታወቀ ነው።

ስለ ጐረቤቶቹ የአፍሪካ መንግሥታት ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ብዙ አላደረጉምና። የደቡብ አፍሪካው ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ ጸጥ ያለ ዲፕሎማሲ ይሻላል አሉ። ጸጥታው እንዴት ያለ እንደ ነበር በኋላ ታወቀ፤ የ2002ን ምርጫ እንዲመለከቱ የላኳቸው ሁለት ዳኞች ምርጫው ነጻና ትክክለኛ ነው ሊባል አይችልም ብለው የጻፉት ወረቀት፣ ፍርድ ቤት አስገድዶ እስኪያወጣው ድረስ እስከ 2014 ተሰውሮ ቈይቷል። የቅኝ ገዥን በደል አጥርቶ የሚያይ ዓይን የወንድምን በደል ሲያይ የሚፈዝ ከሆነ፣ ሎንዶን የምትጠቀምበት ይህን ፍዘት ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን በሎንዶንም በሐራሬም ንግግር ውስጥ ስሙ የማይጠራው ሰው ነገር ነው። በነጮቹ እርሻዎች ላይ ወደ 300 ሺህ የሚሆኑ የእርሻ ሠራተኞች ይሠሩ ነበር፤ ከነቤተ ሰባቸው ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣሉ። የብዙዎቹ አባቶች ከማላዊ፣ ከሞዛምቢክና ከዛምቢያ ለጕልበት ሥራ የመጡ ናቸው። ጌታው ሲባረር የሚኖሩበት ጐጆ ከእርሻው ጋራ ሄደ። የሐራሬ መንግሥት የነጭ አሽከሮች ናቸው፣ ለተቃዋሚው ድምፅ ይሰጣሉ ብሎ ጠረጠራቸው፤ መሬት ሲከፋፈል ከነሱ የደረሰው ጥቂቱ ብቻ ነው። በ2001 ደግሞ የዜግነቱ ሕግ ስለ ጠነከረ፣ በአገሩ የተወለዱት እንኳ የአባታቸውን አገር ዜግነት በወረቀት ካልካዱ ዜግነታቸውን የሚያጡ ሆኑ፤ ድኻና ማይም ሠራተኛ ይህን ወረቀት ከየት ያመጣዋል? በሎንዶን ጋዜጦች ፎቶግራፉ የሚወጣው ግን አጥሩ የፈረሰበት ባለእርሻ ነበረ። በራቡ ዓመት ደመወዝ፣ ጐጆና የጓሮ ማሳ ባንድ ቀን ያጣው ግን ይህ ሠራተኛ ነው፤ ያረሰው መሬት በአያቱም በውልም የእሱ አልነበረምና ናቡቴ ነኝ ለማለት እንኳ አልተቻለውም።

ሙጋቤ በ2017 ከሥልጣን ወረዱ፤ በ2019 ሞቱ። የተተኩት ኤመርሰን ምናንጋግዋ በጁላይ 29 ቀን 2020 ከነጮቹ ገበሬዎች ማኅበሮች ጋራ ውል ተፈራረሙ፤ መሬቱ ሳይሆን በመሬቱ ላይ ስለ ተሠራው ቤት፣ ግድብና አጥር 3 ቢሊዮን 500 ሚሊዮን ዶላር ሊከፈል። የመጀመሪያው ክፍያ የተጀመረው በ2025 ሲሆን፣ ተራ ለደረሳቸው በጥሬ ገንዘብ የተሰጣቸው ከመቶ አንድ እጅ ያህል ነው፤ ቀሪው የግምጃ ቤት ሰነድ ሆነ። በኤፕሪል ወር 2024 ዝናሙ እንደ ገና ቀርቶ ምናንጋግዋ የአደጋ ዐዋጅ አውጀው 2 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልግ ለዓለም ባስታወቁ ጊዜ፣ ይህ የካሣ ዕዳ በዚያው ባዶ ግምጃ ቤት ላይ ተቀምጦ ነበር። እንግዲህ በ1923 ሎንዶን ለነጣቂው ከከፈለች፣ በ2020 ሐራሬ ለነጣቂው ወራሽና ለገዢው ልትከፍል ከፈረመች፣ የመሬቱን ዋጋ በሁለቱም ጊዜ ያልተቀበለው የመጀመሪያው ባለርስት ነው። በ2020ው ውል ላይ መንግሥቱ ፈርሟል፤ የገበሬዎቹ ማኅበሮችም ፈርመዋል፤ ስለ እርሻ ሠራተኞቹ የፈረመ ግን አልነበረም።